«ለሁሉም ይታይ?»

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጠፍቶ አይቀር» እያለ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ቤተሰቦቹ ነን፤ አሁን ብንክድ ማንም አያምነንም። በሞተር ብስክሌት የጋዝ ሲሊንደር በየቤቱ ያደርሳል። ግራና ቀኙን የማይለይ ሰው እንዴት ለዚህ ሥራ ተቀጠረ ብትሉኝ፣ እኔም ግራ እንደገባኝ ነው። ለምሳ የታዘዘ ሲሊንደር ለእራት ይደርሳል። ግን ይደርሳል። ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ሲጠይቅ ደግሞ የሚጨክን አንጀት የለም።

የስልክ ካርታ ሲመጣ ሰውዬው እንደገና ተወለደ። ያገኘውን ቤት ሁሉ ምልክት ያደርግበትና ማስታወሻ ይጽፍበታል፦ «ሰማያዊ በር። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይነክስም።» ስልኩ «ለሁሉም ይታይ?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ» ይላል። ለእሱ «ሁሉም» ማለት መጋዘን አብረውት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። እሱ ሲታመም የሚተካው ሰው እንዳይንከራተት አስቦ ነው። እንዲህ ባለ ሰው መናደድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እህቴን ጠይቋት።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚሳሳው ለአንዲት አዋላጅ ነበር። ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ደክሞ አፋቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። በራቸው ቁልፍ የለውም። ድሮ ሚስቱን ምጥ የያዛት ሁሉ በሩን ገፍቶ እየገባ ይቀሰቅሳቸው ስለነበር፣ ቁልፍ ሳያስገጥሙ አረጁ። ካርታው ላይ ስለሳቸው የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «እናታችን። ብቻቸውን ናቸው። አይሰሙም፣ አታንኳኩ። በሩን ገፋ አድርጉት።»

አንድ ቀን ሲሊንደር ተሸክሞ ሲገባ፣ «ጓደኛህ መጥቶ ነበር» አሉት።

«የቱ ጓደኛዬ?» አለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ።

«እኔ ምን አውቄ! ‹እናታችን› አለኝ። ጋዙ እንዳያፈስ ብሎ ጓዳውን አየ፣ መኝታ ቤቱን አየ። ተመልሼ እመጣለሁ ብሎኛል።»

«መኝታ ቤት ምን ጋዝ አለ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። አልሰማኝም መሰለኝ።»

መጋዘን ሄዶ ቢጠይቅ፣ እሳቸው ቤት የሄደ የለም። አንዱ ባልደረባው ስልኩን ተቀብሎ አየና፣ «አንተ፣ ይሄን እኮ አገር ምድሩ ነው የሚያነበው!» አለው። እቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «በገዛ እጄ በራቸውን ከፍቼ ሰጠሁ» ብሎ እህቴ ፊት አለቀሰ። ማስታወሻዎቹን ከካርታው ላይ ሊያጠፋ ቢሞክር «ጥያቄዎ እየታየ ነው» የሚል መልስ ብቻ መጣለት። ፖሊስ ጣቢያም ሄዶ ነበር። «ምን ተሰረቀ?» አሉት። ገና ምንም አልተሰረቀም።

በማግስቱ ቁልፍ ገዝቶ በራቸው ላይ አስገጠመ። አዋላጇ መክፈቻውን የሰው ዕቃ ይመስል በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ።

«ምጥ የያዛት ብትመጣስ?»

«እናታችን፣ አሁን እኮ ሁሉም ሆስፒታል ነው የሚሄዱት።»

«እሱማ አውቃለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «እንግዲህ ማንም አይመጣም ማለት ነዋ» አሉት።

ይሄን ለእህቴ ነገራት። ከዚያ ተነስቶ ፍራሽ መጠቅለል ጀመረ።

«አንተ ሰው፣ ጥያቄው እስኪታይ እሳቸው ቤት ልትከርም ነው?» አለችው።

«እስኪታይ» አለ። እሷ ስትቆጣ የሚተርፍ የለም፤ ብርድ ልብሱን ግን ያሰረችለት ራሷ ናት።

ያ «ጓደኛ» ተብዬ ተመልሶ የመጣው በእህቴ ባል የዕረፍት ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። በሩ አንዴ ገፋ ተደረገ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠንከር ተደርጎ ተገፋ። የእህቴ ባል በሩ ሥር ቆሞ፣ «ማን ልበል?» አለ።

በሩ መገፋቱን አቆመ።

«ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለ አንድ ድምፅ፤ ወዲያው የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

ቤት የተሳሳተ ሰው ቆሞ መንገድ ይጠይቃል እንጂ አይሮጥም። ይሄን ከጠፍቶ አይቀር በላይ የሚያውቅ የለም። በሩን ቢከፍተው ሰውዬው ከመታጠፊያው አልፏል። መልሶ ቆለፈው።

አዋላጇ ከጓዳ ብቅ ብለው በሩ ሥር አዩት። ፊታቸው ፈካ አለ።

«ሰው መጣ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የመጣሁት፣ እናታችን» አላቸው፣ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።