ፍሪሲዮን የሌላት የአባታችን መኪና

አባታችን ትቶልን የሞተው አሮጌ ፒክአፕ በታላቅ ወንድሜና በእኔ ስም ነው። ወንድሜ ዞር ብሎም አያያትም ነበር፤ ከአንኮበር ባቄላና ምስር እየጫንኩ ደብረ ብርሃን የማመላልሳት እኔ ነኝ። ከመጋዘን ደረጃ ወድቄ የግራ ጉልበቴ ከተሰበረ ወዲህ ግን ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተኝ። ዳገት ላይ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር።

መካኒኩ ከተገለበጠ አዲስ መኪና የወጣ ሞተር ፍሪሲዮን ከማይፈልግ ኦቶማቲክ ካምቢዮው ጋር አገኘልኝ። ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። “እንዳልሽ” አለኝ። ጆሮውን እንኳን አልሰጠኝም ኖሯል፤ አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ ጋራዡ ድረስ እየጮኸ መጣ።

“የአባቴን መኪና አረድሻት!”

“አባታችን ፍሪሲዮን የሚረግጥ ጉልበት አላወረሰኝም፣ ጋሼ።”

“መንዳት ካቃተሽ ቁጭ በያ! ማን ንጂ አለሽ?”

መካኒኩ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን የዚያን ቀን “ጋሼ” ማለቴን ተውኩ።

ሥራው ረዘመ። አዲሱ ካምቢዮ ከአሮጌው ስለሚረዝም ወለሉ ተቆረጠ፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አጠረ፤ የሞተሩ መያዣ እንደ አዲስ ተበየደ። ሲያልቅ መኪናዋ ያለ ትግል ዳገቱን ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ የአክስታችን ተዝካር ደረሰና እናታችንን ይዘን ወደ አንኮበር ልንሄድ ሆነ። ወንድሜ ቁልፉን ከእጄ መነተፈ።

“እናቴን በአንቺ ሙከራ ላይ አላስቀምጥም። እኔ እነዳለሁ።”

“እሺ። ግራ እግርህን ግን አሳርፈው፤ ሥራ የለውም።”

“ደሞ አንቺ መንዳት ልታስተምሪኝ?”

እናታችን መሃል ተቀመጠች። ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ከፊታችን ኩርባ መጣ። ወንድሜ ማርሽ ሊቀንስ ፈልጎ፣ እንደ ልማዱ በግራ እግሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የረገጠው ፍሬኑን ነበር። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ የእናታችን ግንባር ከዳሽቦርዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ለጥቂት ስቶን አለፈ።

ወንድሜ ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታ። “አበላሽታታለች! አላልኩም?” አለ። የእናቱን ግንባር አላየም።

እናታችን ደሙን በነጠላዋ ይዛ፣ “በል፣ ልጄ፣ እሷ ትንዳ” አለችው።

“ከምገባ በእግሬ እሄዳለሁ” ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ። አልለመንኩትም። መሪውን ይዤ በአጠገቡ አለፍኩ። ተዝካሩ ላይ ዘግይቶ፣ በሰው መኪና ደረሰና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። የእናቱን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የሞተር ቁጥሩ ስለተቀየረ ሊብሬው እንዲስተካከል የሁለታችንም ፊርማ አስፈለገ። ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ እምቢ አለ። ሊብሬው ሳይስተካከል እንዳትሠራ ተከልክላ መኪናዋ ደጄ ላይ በጭቃ ተውጣ ቆመች፤ ባቄላዬን ሌሎች ጫኑት። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው ከአልዩ አምባ የመጡ የአባታችን ወዳጅ ነጋዴ ነበሩ።

“ወላሂ አሳፈራችሁኝ” አሉት። “እህትህ በምን ትብላ? አባትህ ቢኖር ይህን ይጠይቅህ ነበር።”

በማግስቱ ቢሮ ተገናኘን። ፈረመና ወረቀቱን ሳያየኝ ወደ እኔ ገፋው።

“ፈርሜያለሁ፤ አልታረቅኩም።”

“እኔም ታረቀኝ አላልኩህም።”

ከዚያ ወዲህ እናታችን ዘንድ በየተራ ነው የምንሄደው። ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። በሄድኩ ቁጥር “አንዳችሁ እንኳን ይቅር በሉ” ትለኛለች። “እሱ ይጀምር” እላታለሁ። እሱም በተራው ስለ እኔ እንደዚያው ይላል አሉ።