ከሱፍ ቆብ ጋር የተለካው ሄልሜት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ መንገዱን ልሻገር ስል አምስት ሞተረኞች ተከታትለው መጥተው ዳር ያዙ። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ አሁን አሁን ቅዳሜና እሁድ እየተሰባሰቡ በሞተር አንኮበር ደርሶ መመለስ ተለምዷል። ከኋላ የነበረችው ወጣት ሴት ናት። ያጠለቀችው ሄልሜት ግንባሩ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጣ ያለ ጥላ አለው። የአንኮበርን መንገድ ጠየቀችኝ፤ በእጄ አመለከትኳት። ሞተሯን ልታስነሳ ስትል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አይሰፋሽም?»

ሳቀች። «ኧረ እማማ፣ እንዲያውም ጉንጬን አንቆ ይዞኛል።»

«ይያዝሽ» አልኳት። «ይያዝሽ፣ ጥሩ ነው።»

ግራ ገብቷት አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። እኔ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ ዳቦዬን ታቅፌ እዚያው ቆምኩ። ቤት ስገባ ዳቦው ቀዝቅዞ ነበር።

ባለቤቴ አሥራት ካረፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እኔ ግን ገና አልተመለስኩም። ያቺ ልጅ ያነሳችብኝን ነገር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጻፍኩ ነው። ለማንም ያልነገርኩት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አይወጣም።

አሥራት የመንገድ ቀያሽ ነበር። የተወለደው ወልድያ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያመጣው ሥራ ነው። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነበርኩ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ያገለገለች ሞተር ገዛ። «ሌላ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ስለካ ዕድሜዬ ሊያልቅ ነው» ይል ነበር። ሐሳቡ ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስዶ፣ እኔን ከኋላ አፈናጥጦ፣ ጣርማ በርን ወርደን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርገን ወልድያ እናቱ ቤት መግባት ነበር። የምናድርባቸውን ከተሞች፣ ምሳ የምንበላባቸውን ቦታዎች፣ ቆመን ገደሉን የምናይባቸውን ጥምዝምዞች ሁሉ በሥራ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ስሏቸዋል። በአውቶቡስ ብንሄድስ ስለው አይዋጥለትም። «አውቶቡስ ውስጥ መንገድ አይታይም፤ የሚታየው የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው» ይለኛል።

እኔ ሞተር እፈራ ነበር። ግን ያን ወረቀት ዘርግቶ ሲያሳየኝ ፊቱ የሚሆነውን አይቶ እምቢ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሄልሜት ልንገዛ የሄድነው ኅዳር ውስጥ ነው። በመናኸሪያው በኩል የሞተር ዕቃ የሚሸጥ ጋሽ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለችው የአልዩ አምባ ሰው ነው፣ የሙቅ አገር ልጅ። ደብረ ብርሃን ሃያ ዓመት ኖሮ ካፖርቱን ሲያወልቅ ያየው የለም። ለእኔ የምትሆነኝ ድቡልቡል ሄልሜት ወዲያው ተገኘች። ለአሥራት ሁለት ዓይነት አወጣለት፦ አንዱ እንደ እኔው ድቡልቡል፣ ሌላው ክፈፍ ያለው። አሥራት ክፈፍ ያለውን አንስቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር።

«እሱ ለጭቃና ለኮረኮንች ነው» አለ ጋሽ ሰይድ። «አንተ ወልድያ ድረስ አስፋልት ለአስፋልት ነህ። ስትፈጥን ንፋሱ ከክፈፉ ሥር ይገባና ራስህን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስትደርስ አንገትህ የአንተ አይሆንም ወላሂ።»

«ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣብኝ ዝቅ ብዬ እጋረድበታለሁ። ካፊያም ቢሆን መስታወቱን ይከልልልኛል። ደግሞ አልፈጥንም ጋሽ ሰይድ፤ መንገዱን ላየው ነው የምሄደው።»

«አልፈጥንም የማይል ደንበኛ አይቼ አላውቅም።»

አሥራት አጠለቀውና ወደ እኔ ዞረ። አፍና አፍንጫው ተሸፍኖ፣ ክፈፉ ወደ ፊት ሾሎ።

«እርኩም መሰልክ» አልኩት።

«እርኩም ቆንጆ ወፍ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሴቷ እርኩም።»

ጋሽ ሰይድ ሳቀና ክርክሩን ተወው። የክፈፉ ነገር በዚህ አለቀ። የቀረው ልኩ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ ክርክሩ ከእኔ ጋር ሆነ።

ለመንገዱ ብዬ ከመንዝ በመጣ የበግ ጠጉር የሠራሁለት ቆብ ነበር። ጠጉሩ ወፍራም፣ እንደ ባና የሚከብድ፣ ጆሮን እስከ ታች የሚይዝ። በኅዳር ውርጭ ጆሮውን ሳይሸፍን ከቤት የሚወጣ ሰው እኛ አገር እንደ ጤነኛ አይታይም። እኛ ጫማ የምንለካው ወፍራም ካልሲ አድርገን ነው፤ ኮት የምንለካው ከሹራብ በላይ ነው። እናም ቆቡን ከቦርሳዬ አውጥቼ «ይኸን አድርገህ ሞክረው» አልኩት። ባዶ ራሱ ላይ ልክ የነበረው ሄልሜት በቆቡ ላይ እምቢ አለ። ተለቅ ያለው ግን ገባ።

«እህቴ፣ ሄልሜት የሚለካው ባዶ ራስ ላይ ነው» አለኝ ጋሽ ሰይድ። «ጉንጭ መያዝ አለበት። ስትነቀንቂው የፊቱ ቆዳ አብሮ ካልሄደ ልኩ አይደለም።»

«ታዲያ ጆሮው ደርቆ ይርገፍ?»

አሥራት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። «ሚስቴ የሠራችልኝን ቆብ አውልቄማ የትም አልሄድም» አለ። ትልቁን ወሰድን።

አሥራት በሞተሯ መስታወት ራሱን ሊያይ ወደ ውጭ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ። «እኔ የታች አገር ሰው ነኝ። ከአንኮበር ወዲያ ቆብ የሚባል ነገር ራስ ላይ አይቆይም። ሸዋ ሮቢትም ያው ነው። ካወለቀው ይሰፋበታል፤ ሰፍቶበት አይንዳ። አደራ፣ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

አልነገርኩትም። ክርክሩን አሸንፌ ነበር፤ ከሱቁ ደጃፍ ወጥቼ ወዲያው የተሸነፍኩ መሆን አልፈለግኩም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ዕቃዎቹን ለመሞከር በሚቀጥለው ቅዳሜ እስከ አልዩ አምባ ደርሰን ልንመለስ ተነሳን። ያኔ መንገዱ ገና ጠጠር ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ከከተማ ወጣን፤ እውነትም ፊት ለፊት መጣችብን፤ አሥራት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ክፈፉን ጋረደባት። «አየሽ?» ብሎ ጮኸ። ሜዳው ላይ ግማሹ ገብስ ታጭዷል፣ ግማሹ ቆሞ ውርጩ ከላዩ እየተነነ ነው። አዲስ የታጨደ ገለባ ሽታ ሄልሜቴ ውስጥ ድረስ ይገባ ነበር። ወደ ቁንዲ ተራራ ስንጠጋ ንፋሱ በረታ፤ የአሥራት ራስ ወዲያና ወዲህ ሲል ከኋላ ሆኜ አያለሁ። ስንቆም በስውር ማጅራቱን አሸ።

«ጎተተህ አይደል?»

«ማንን? እኔን? ነፍሳት ነው ያባረርኩት።»

አንኮበር ላይ ሻይ ጠጣን፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ ቀርቦልን ነበር። ጉሙ ከሥራችን ሲገለጥ የቆላው አገር እስከ አፋር ድረስ ተዘረጋ፤ ነጭ፣ አቧራማ፣ ዳር የሌለው። አሥራት ቂጣውን ይዞ ሳይጎርስ ለረጅም ጊዜ አየው። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ እንደ ምድጃ ከታች ወደ ላይ መጣ። ግማሽ እንኳ ሳንወርድ አቆመ። ቆቡን አውልቆ ሰጠኝ፤ ፀጉሩ በላብ ረጥቧል።

«ያዢልኝ፣ ራሴ ተቀቀለ።»

ቆቡን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የጋሽ ሰይድ ቃል በዚያች ሰዓት ትዝ አለኝ። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ብነግረው «መቼ ነው ያለሽ? ለምን ዝም አልሽ?» ይለኛል ብዬ አሰብኩ። አልዩ አምባ ደግሞ ቅርብ ነው አልኩ። ፈረስ ጭነው፣ አህያ እየነዱ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አጠገባችን ያልፋሉ፤ ሁሉም ደህና ይመስል ነበር።

ሞተሯ በነጠረች ቁጥር ሄልሜቱ ወደ ዓይኑ ይወርዳል። አሥራት በግራ እጁ ገፋ ያደርገዋል። አንዴ ገፋው። ሁለተኛም ገፋው። ከኋላው ቁጭ ብዬ፣ ቦርሳዬን በሆዴና በጀርባው መካከል ይዤ፣ አያለሁ። ሦስተኛው ኩርባው ላይ ነው። ዝናብ የቦረቦረው ቦይ መንገዱን አቋርጦት ነበር፤ ጎማው ገብቶ ሲወጣ ሄልሜቱ ከነክፈፉ ፊቱ ላይ ተደፋ። እጁን ሰደደ። በአንድ እጅ የቀረችው ሞተር ተጠማዘዘች። ገደሉ በቀኛችን ነበር፤ አሥራት ምንም ሳያይ ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው ጣላት። ሁለታችንንም ያተረፈን ያ ነው።

የእሱ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። የእኔ ግራ እግር ሞተሯ ሥር ገብቶ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ገበያተኞች ተሸክመው አንኮበር አወጡን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገባን። መንገዱን ሙሉ አሥራት የእኔን ጫማ በደህናው እጁ ይዞ «ክፈፉ ነው፤ እኔ ነኝ፣ አምሮኝ ነው» ይል ነበር። ያመኝ ስለነበር አልመለስኩለትም።

ቤት ገብተን ተኝተን ሳለን ጋሽ ሰይድ ከአገሩ ሎሚና ፓፓዬ አስመጥቶ ሊጠይቀን መጣ። ካፖርቱን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቆቡን አድርገህ ነበር?» አለው አሥራትን።

«ሙቀት ነበር፤ አወለቅኩት። ግን አንተ ነግረኸኝ ነበር ጋሽ ሰይድ። ክፈፉ ይጎትታል ብለኸኝ አልሰማሁህም።»

ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የተሰበረ እግሬ የተጋደመበትን ትራስ አስተካክል ጀመር። «አላህ አትርፏችኋል» አለና ስለ ሎሚው አወራ። አደራ እንዳለኝ እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገረም። ሱቁ ፊት ለፊት ሳልፍ ግን ሰላምታው አጭር ሆነ።

አሥራት ክፈፉን ከሄልሜቱ ፈትቶ ጣለው። ሞተሯን ሸጠ። ወረቀቱን ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም። ወልድያ ስንሄድ በአውቶቡስ ሆነ። ጣርማ በር ላይ ሁሌ መጋረጃውን ገልጦ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ ውጭ ውጭውን ያያል፤ አይናገርም። እናቱን ስንጠይቅ፣ ቆይቶም ስንቀብር፣ ስንሄድም ስንመለስም ያው ነበር።

እግሬ ተጠግኗል፤ በብርድ ወራት ግን አነክሳለሁ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርድ የሌለበት ወር የለም። ስራመድ ባየኝ ቁጥር ዓይኑ ይሰበራል። ከሥራ ሲመጣ ውኃ ይቀዳልኛል፣ ልብስ ያጥባል፣ ገበያ እንድሄድ አይፈልግም። ጎረቤቶቼ «አንቺስ ባል አለሽ» ይሉኝ ነበር። አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ያን ደግነት ወደድኩት። ከየት እንደመጣ እያወቅኩ ወደድኩት። እውነቱን ብነግረው ሞተሯ ልትመለስ ትችላለች፣ ውኃ መቅዳቱም ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ በሕመም፣ ቀጥሎ በእፍረት፣ በኋላም በልማድ ዝም አልኩ። ልማድ የሆነ ዝምታ ምንም አይከብድም፤ አብረውት ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

በታመመበት በመጨረሻው ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባ ይዤለት ስገባ አካሄዴን አየ።

«ዓለም» አለኝ፣ ስሜ ነው። «ያን ክፈፍ ባልመርጥ ኖሮ...»

አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ፊቱ በጣም ከስቶ ነበርና አሁን ብነግረው ምን ይጠቅመዋል አልኩ።

«ተወው፤ ሾርባህ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩት።

ጠጣ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

ለቅሶ ላይ ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነቡ ከወልድያ መጥታ ነበር። ለቀስተኛው መሐል «ወንድሜ በአንድ ባለ ክፈፍ ኮፍያ ተታልሎ ሚስቱን አሰናከለ፤ ያ ነው ሲበላው የኖረው። ወጣትነት ነዋ» አለች። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬ ነቀነቅኩ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ስግደት ሰጡኝ፣ እግሬ እያመመኝ ሰገድኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይላል አሉኝ። ይላል፤ እሱን አልጠራጠርም። የበደልኩት ግን አሥራትን ነው፤ አሥራት የለም። ያለው ሰዎች ስለ እሱ የሚያወሩት ነው፤ እሱ ደግሞ አሁንም የተሳሳተ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ግልባጩን ወልድያ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ለእትዬ ዘነቡ እልክላታለሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። እንግዲህ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልታነጋግረኝ ባትፈልግ አልቀየማትም። እኔን እንደፈለጉ ያንሱኝ። እሱን ሲያነሱት ግን ኩርባው ላይ ዓይኑ ተሸፍኖ እንኳ ሞተሯን ከገደሉ እንዳራቃት ያውቁለት። አሥራት ያን ቀን ጥሩ ነበር የነዳው።