የዳቦ ቤታችን ገቢ ስንት ነው?

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚለው። ሥራው መንግሥት አዲስ ደንብ ሊያወጣ ሲያስብ ጉዳቱንና ጥቅሙን በገንዘብ አስልቶ ማቅረብ ነው። ውሸት የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር እንዴት እንደሚያደክም እኔን ጠይቁኝ!

ታላቃችን ከአባታችን በወረሰው ዳቦ ቤት በማገዶ ምድጃ ይጋግራል፤ እኔ ባንኮኒው ላይ እሸጣለሁ። ሁለት ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ምድጃ ነው።

አምና ሚዛን ፋይል በብብቱ ሸጉጦ መጣ።

«ጋሼ፣ የወር ገቢህ ስንት ነው?»

«ለምንህ ነው?»

«ደንቡ ሳይወጣ መናገር አይፈቀድልኝም።»

ፋይል የያዘ ሰው ገቢ ከጠየቀ ያው ግብር ነው፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ታላቄ ጠቀሰኝና ግማሹን ነገረው። «ኧረ እሱም ከሞላ ነው!» ብዬ አጸናሁለት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ለካ ሌሎቹም ጋጋሪዎች እንደኛው ግማሽ ግማሹን ነው የተናገሩት። ሚዛን የሁሉንም እንደሰማው ጻፈ።

ደንቡ ወጣ። የማገዶ ምድጃ በስድስት ወር ውስጥ ይፍረስ ይላል። ጭሱ የሕፃናቱን ሳንባ ይጎዳል፤ አልዋሽም፣ የኔም ትንሿ ስታስል ነው የምታድረው። የሕክምናው ወጪ ሲደመር በግማሽ ገቢ ከተሰላው የጋጋሪዎቹ ኪሳራ በለጠ። ካሳውም በተናገርነው ገቢ ልክ ተሰላ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግማሽ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ምድጃው በፈረሰ ዕለት ሚዛን መጣ። ታላቄ ጡቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ለዚህ መሆኑን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ እጥፍ አድርገህ ትነግረኝ ነበራ።»

«መዋሸቴንስ አላወቅክም?»

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሚዛን። «ስንት ጆንያ ዱቄት እንደምታቦካ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን የወንድሜን ብቻ ለይቼ እንዴት ላርመው?»

«እንግዲህ ሁላችንንም እኩል ገደልከን» አለው ታላቄ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ልጮህበት ፈለግሁ፤ ግን በየትኛው አፌ?

በማግስቱ ታላቄ ተቀጥሮ ለመጋገር ከዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ዞረ። በየደጁ ያገኘው የፈረሰ ጡብ ነበር።