ቀፎዎቹ የወረዱበት ሳምንት

ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። መስጊድ ውስጥ ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ እንኳ ስሙን ሳልጠራ ነው የማልፈው፤ አላህ ያውቀዋል እያልኩ። ያውቀዋል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ በዱዓ ብቻ እንደማይራገፍ እኔም አውቃለሁ።

ጀማል እባላለሁ። ጋምቤላ ከተማ ሱቅ አለኝ፤ ማርም እነግዳለሁ። ማሩን የማመጣው ከሜጢ ወዲያ ካለው ጫካማ ኮረብታ ነው። ዛሬ ያንን ኮረብታ የማያውቅ የለም። የጋምቤላ ሙቀት ያንገሸገሸው፣ ከፑኝዶና ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ ለእረፍት የወጣ ሠራተኛ ሁሉ ጃኬት ደርቦ የሚዝናናው እዚያ ሎጅ ነው። ሲመለሱ ሱቄ ጎራ ይሉና «ገነት እኮ ነው!» ይሉኛል። እኔም «ማሻአላህ» እላለሁ። ምን ልበል?

ሎጁ የቆመበት ጫካ የጋሽ ዮሴፍ ነበር። ጋሽ ዮሴፍ መዠንግር ናቸው፤ ዛፎቹን የወረሱት ከአባታቸው ነው። ወረቀት የላቸውም። በዚያ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፣ ማንም አይነካውም። እሳቸው ቤት ስንት ጊዜ አደርኩ! እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ግን እኔ ስመጣ ዶሮዋን ራሴ እንዳርዳት ቢላውን ያቀብሉኝ ነበር።

በዓመት አንዴ፣ ማሩ ከተቆረጠ በኋላ፣ ቀፎዎቹን ሁሉ አውርደው ደጃቸው ላይ ይጠግኗቸዋል፣ ያጥኗቸዋል፤ አበባው ሳይፈነዳ መልሰው ይሰቅሏቸዋል። ሥራው አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሳምንቱን ከቤተሰባቸው ውጪ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመስቀያውን ገመድ የማመጣላቸው እኔ ነኛ!

ቦታ የሚፈልግ ባለሀብት ሱቄ ሲመጣ ኮረብታውን ያወደስኩለት እኔ ነኝ። የሎጁ ዕቃ አቅራቢ አደርግሃለሁ ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። «ሰው የያዘው መሬት ከሆነ ግን መንግሥት አይሰጠኝም» አለ። የመንግሥት መሬት ለኪዎች መቼ መውጣት እንዳለባቸው የነገርኩት እኔ ነኝ። ገመዱን ለጋሽ ዮሴፍ ባደረስኩ በሦስተኛው ቀን ለኪዎቹን እየመራሁ ወጣሁ። ዛፎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። አንዱ ለኪ ዞር ብሎ «እዚህ የሚጠቀም ሰው አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም» አልኩ።

ከቁልቁለቱ ሥር ቀፎ የሚያጥኑበት ጭስ ይታየኝ ነበር። እያየሁት ነው ያልኩት።

ተታልዬ ነው እንዳልል አልተታለልኩም። ቸግሮኝ ነው እንዳልል ሱቄ ሙሉ ነበር። ታዲያ ምን ነካኝ? ስግብግብነት ነው፤ ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ አጣሁ።

ጋሽ ዮሴፍ ቀፎ ተሸክመው ሲመለሱ ችካል ተተክሎ ጠበቃቸው። ቢያመለክቱ «ሲለካ ምንም ቀፎ አልነበረም» ተባሉ። አሁን የሎጁ ዘበኛ ናቸው። ዕቃ ጭኜ ስደርስ በሩን የሚከፍቱልኝ እሳቸው ናቸው። ከቀፎዎቻቸው አንዱ እንግዳ መቀበያው ላይ ለጌጥ ተንጠልጥሏል፤ እንግዶች ሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

ባለፈው ወር በሩን እንደያዙ «ጀማል ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ሳምንት ቀፎ ማውረዳችንን ማን ነገራቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ አንተ ጠይቅልኝ። አንተ ከነሱ ጋር ትግባባለህ። እኛ እዚያ ሰው የለንም፤ አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። ለመንገድህ ብለውም ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ በእጄ አስያዙኝ። መኪና ውስጥ ይዤው ቁጭ አልኩ። መብላት አቃተኝ።

እናንተ አውፍ እንድትሉኝ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። አውፍ ማለትም እምቢ ማለትም የእሳቸው ነው። ልነግራቸው ቆርጬ ሐሙስ ዕለት ወጣሁ። በሩን ከፈቱልኝ፣ ጨበጡኝ፣ ትከሻዬን ይዘው «ጠየቅህልኝ?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አልኩ።