ወ.ዘ.ተ. ውስጥ የገቡት ጎረቤታችን

ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል እንደተቀጠርኩ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሚኒስትር አልነበረም፤ ወ.ዘ.ተ. ነበረች። የምሬን ነው። ሦስት ፊደል ናት፤ የማትችለው ሸክም ግን የለም። በገበያ ዜና መጨረሻ ስትቀመጥ ባቄላና ምስር ናት። በጎርፍ ዜና ላይ የሰው አልጋ፣ የሰው በር፣ የሰው ላም ትሆናለች። ግብር ላይ የተገኙ እንግዶች ተዘርዝረው ከኋላ ስትመጣማ፣ በማግስቱ ስልክ ደውለው የሚቆጡ ባላባቶች ናት። አዘጋጃችን ዓምዱ ሲጠበው ዜናውን ከጅራቱ ይቆርጥና እሷን ይሰካል። የትልልቆቹ ማዕረግ አይነካም፤ ቦታ የሚለቀው ሌላው ነው። እኔም በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

የምኖረው ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ለሰፈራችን ቦኖ ሊገባ ነው ሲባል ሰው ማመን አቃተው፤ እስከዚያ ድረስ ውሃ የሚቀዳው ቁልቁል ወርዶ ከወንዝ ነው። ቧንቧው የሚቆምበት ቦታ ጠፍቶ ነገሩ ሊበላሽ ሲል፣ አጠና ነጋዴው ጎረቤታችን የአጥራቸውን ማዕዘን አፍርሰው «እዚህ ትከሉት» አሉ። ውሃው ሳይመጣ ግን ታመው ሞቱ።

ባለቤታቸውን እትዬ ነበር የምላቸው። ቦኖው ሊመረቅ ሲል በራቸው ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«አንተ ጋዜጣ ላይ አይደል የምትሠራው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱን ጻፍልኝ። እንደምታውቀው እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እኔ ስሄድ ስሙን የሚያነሳ ሰው የለም። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግን ወጣ ነው።»

«ለእርስዎ ያልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው?» አልኳቸው። ጻፍኩም፤ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቦታውን መስጠታቸውንም ጨምሬ።

ጋዜጣው ወጣ። ሪባን የቆረጡት እንግዳ ማዕረግ ብቻውን ግማሽ ዓምድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ንግግር ያደረጉት ሰዎች፤ ከዚያ ለሥራው መሳካት የረዱት አቶ እገሌና አቶ እገሌ፣ ወ.ዘ.ተ. መመስገናቸው። የጎረቤቴ ስም የለም። አዘጋጁን ብጠይቀው ሻዩን እያማሰለ «ቦታ አልነበረማ» አለኝ።

ጋዜጣውን ደብቄ ልቀር ነበር። እትዬ ግን መውጣቱን ሰምተው ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ጠበቁኝ። እሳቸውም እነሱም ማንበብ አይችሉም። የሌለውን ስም እንዳለ አድርጌ ባነብ ማንም አያውቅብኝም፤ አፌ ላይ ደርሶም ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው «የቱ ጋ ነው እሱ? አሳየኝ» አሉ። ስሙን በጣታቸው ሊነኩት ነው የፈለጉት። እንዴት ብዬ ልዋሽ?

«የለም፣ እትዬ። ቆርጠውታል። እዚህ ውስጥ አስገብተዋቸው ነው» ብዬ ወ.ዘ.ተ.ን አሳየኋቸው።

«ምን ይላል?»

«ሌሎችም ማለት ነው።»

እትዬ ጣታቸውን አላነሱም። በተቆጣ ድምፅ «ማን ማን ናቸው ሌሎቹ?» አሉ። የመለሰው የተሰበሰበው ሰው ነው። አንዷ ቦዩን የቆፈረውን ጉልበት ሠራተኛ ስም ጠራች። ሌላው ቱቦውን ከዋናው መንገድ በትከሻው ያመላለሰውን አነሳ። ለቆፋሪዎቹ ንፍሮ ያቀረበችው፣ ዶማ ያዋሰው፣ ድንጋይ ያቀበሉት ልጃገረዶች፣ ስም በስም ላይ መጣ፤ አያልቅም። ይህን ሁሉ ሰው እዚያች ውስጥ ማን ጠቀጠቀው? በየቀኑ ስጽፋት ኖሬ ምን እንደያዘች አንድ ቀን አላየሁም።

ሰው ተናግሮ ሲያበቃ እትዬ «በል እንደገና አንብብ፣ ከላይ ጀምረህ» አሉኝ። ማዕረጉን፣ ሪባኑን፣ ንግግሩን አነበብኩ። ወ.ዘ.ተ. ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና የባላቸውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠሩ። ከዚያ «ቀጥል» አሉ።

ያ ጋዜጣ ግድግዳቸው ላይ ተለጥፎ ኖረ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሲመጣ እንዲያነበው ይለመናል፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ስሙን እትዬ ይናገራሉ።

እሳቸውም በተራቸው አረፉ። ለቅሶው ላይ አንድ ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ተነስቶ ጋዜጣውን ከግድግዳው ላይ ያነብ ጀመር። ወ.ዘ.ተ. ጋ ሲደርስ እንደለመደው ቆመ። ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ ስሙን ጠራ።