በሮቢ ካንቲና ጊታር የተማርኩበት ዘመን

ሥራውን የጀመርኩት በሟች ጊታር ነው። ከእኔ በፊት ሁለተኛ ጊታር ይመታ የነበረው ጣሊያናዊ በወባ ሞቶ ገና መቃብሩ አልደረቀም። በጊታሩ አንገት ላይ አውራ ጣቱ ያርፍበት የነበረው ቦታ በላብ ጠቁሮ ይታይ ነበር። እኔ እስከዚያች ጠዋት ድረስ ከሮቢ ወንዝ ወደ ጣርማ በር በሚወጣው መንገድ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ።

ያመጡኝ ቡሉክባሽ ተስፉ ናቸው። ቡሉክባሽ በጣሊያን ጦር ውስጥ የኤርትራ ወታደሮች የሚይዙት ማዕረግ ነው። ቀን ያስተረጉማሉ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ በካንቲናው ከበሮ ይመታሉ። ካንቲና የሚሉት ለመንገዱ ሥራ መሐንዲሶችና ሾፌሮች ምግብና መጠጥ የሚቀርብበትን የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ቡሉክባሽ ቀወት ውስጥ በአንድ ሰርግ ላይ ክራር ስመታ ሰምተውኝ ኖሮ፣ የድንጋይ ፈላጮቹን አለቃ፣ ካቦውን፣ አስፈቅደው ከድንጋዩ ክምር ላይ ወሰዱኝ።

የካንቲናው ኃላፊ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ይጫወታል?» አለ።

«ክራር ይመታል፣ ሲኞሬ» አሉት ቡሉክባሽ።

«ክር ያለው ሁሉ አንድ ነው። ይታጠብና ነጭ ኮት ስጡት።»

ክር ያለው ሁሉ አንድ አልነበረም። በዚያው ቀን ቀጭኑን ክር እንደ ክራር ጅማት መስሎኝ ስወጥረው ተበጥሶ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ወጥ ቤቶቹ ሳቁብኝ። ኃላፊው ክር ከአስመራ እንደሚመጣ፣ ሁለተኛ ከበጠስኩ ግን ወደ ድንጋዩ እንደምመለስ አስነገረኝ።

ድንጋይ መፍለጥ አልፈራም ነበር። የፈራሁት ኪኒኑን ማጣት ነው። ሚስቴን ዘሃራን ወባ እየያዛት እየተዋት ክረምትና በጋ አልፎባታል። ለካንቲና ሠራተኛ በየሳምንቱ የወባ ኪኒን ይታደላል፤ ለድንጋይ ፈላጭ አይታደልም። የሥራው ደመወዝ ለእኔ ይኸው ነበር።

ጊታር ያስተማረኝ ሲልቪዮ የሚባል የመኪና መካኒክ ነው፤ ማታ በካንቲናው ዋናውን ጊታር የሚመታው እሱ ነበር። ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ሁልጊዜ በግራሶ የጠቆሩ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲጥል፣ ከጋራዡ ጀርባ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ቡሉክባሽ መሐላችን ተቀምጠው ያስተረጉማሉ።

መጀመሪያ አኮርዶ አስያዘኝ። አኮርዶ ማለት ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ ተጭኖ አብረው እንዲጮኹ ማድረግ ነው። ለዘፋኙ ወይም ለዋናው ጊታር መደላድል ይሆናል። የጣቶቼ ጫፍ ደማ፣ ከዚያ ቆሰለ፣ ከዚያ እንደ ተረከዝ ደረቀ። ድንጋይ የለመደ እጅ ለዚህ ሥራ ከባድ ነው። ጉልበት አለው፤ አንዱን ጣት ከሌላው ለይቶ ማዘዝ ግን አይችልም።

አኮርዶውን እንደምንም ያዝኩ። በካንቲናው ጥግ ቆሜ ሲልቪዮ ሲጫወት ከሥር አኮርዶ መያዝ ጀመርኩ። ሰካራሞቹ አያዩኝም፤ እኔም አላያቸውም። ከዚያ በኋላ ነው የከፋው የመጣው።

ሲልቪዮ ወጣት ሳለ በመርከብ ሠርቷል። አሜሪካ ወደብ ላይ መርከቡ ሲቆም የሚሰማው ሙዚቃ ነበር፤ ጃዝ ይባላል። የጣሊያን አለቆች ይህንን ሙዚቃ አይወዱትም፣ መጫወትም አይፈቅዱም ነበር። እሱ ግን ለዜማዎቹ የጣሊያን ስም እያወጣ ይጫወታቸዋል። ኃላፊውም ሰካራሞቹ እስከወደዱለት ድረስ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ከዛፉ ሥር ቡሉክባሽ እንዲህ ብለው አስተረጎሙልኝ፦ «ይህን ሙዚቃ የሠሩት እንዳንተ ያሉ ጥቁሮች ናቸው ይልሃል።»

«የት አገር?»

«አሜሪካ።»

«ነፃ ናቸው?»

ቡሉክባሽ ጥያቄውን ለሲልቪዮ ለማድረስ ዘገዩ። ሲደርሰው፣ ጊታሩን አነሳና መቃኘት ጀመረ።

በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዜማው አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ አንዱ ተጫዋች ብቻውን ይወጣል። ከሥር አኮርዶው እንደነበረው ይሄዳል። ከላይ ግን እሱ በዚያች ሰዓት ከራሱ የሚያመጣውን ይጫወታል፤ ያልተጠናና ያልተባለ ነገር ነው። ሶሎ ይሉታል። ሲልቪዮ ዜማውን ጨርሶ በአገጩ ጠቆመኝ። እኔ ዜማውን ራሱን ደግሜ ተጫወትኩ።

«ይህንን ሰምቼዋለሁ በለው» አለ ሲልቪዮ ለቡሉክባሽ። «የራሱን ይንገረኝ።»

የራሴ የሚባል ምንም አልነበረኝም። ክራር ላይ ቅኝቱ ከተቃኘ በኋላ ያሉት አምስት ድምፆች ናቸው፤ የትኛውም ቢመታ ከሌላው ጋር ይስማማል። ጊታር ላይ ግን በአንዱ ትክክለኛ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል የማይሆን ድምፅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር በእሱ ላይ እወድቃለሁ። በወደቅሁ ቁጥር እቆማለሁ። በቆምኩ ቁጥር አኮርዶው ጥሎኝ ይሄዳል።

ወራት እንዲህ አለፉ። በመንገዱ ዳር ሰው ይሰቀላል። ከተራራው አርበኞች ይወርዳሉ፣ በማግሥቱ መንደር ይቃጠላል። እኔ ከሮቃ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በማይሆን ድምፅ ላይ እወድቃለሁ። ጎረቤት የጣሊያን አዝማሪ ይለኝ ጀመር። ብዙ ጊዜ ጊታሩን ጥዬ ወደ ድንጋዬ ልመለስ እልና፣ የኪኒኑ ቀን ሲደርስ እተወዋለሁ።

ሲልቪዮ ሲያስተምር የሚናገረው ጥቂት ነው። ሦስት ድምፅ ብቻ ያዝና በእነሱ ብቻ ተናገር፤ አራተኛ አትፈልግ። ተናግረህ ስትጨርስ ዝም በል፤ ከበሮው ይመልስልህ። ከማይሆነው ድምፅ ላይ ከወደቅህ አትደንግጥ፤ ጣትህን ሳታነሳ ወደ ጎረቤቱ አንሸራት፣ ያን ጊዜ አውቀህ ያደረግኸው ይመስላል። አኮርዶው ሲለወጥ ከአኮርዶው ድምፆች በአንዱ ላይ እረፍ። ይኸው ነው። ዛሬም የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነበር። ከዘሃራ ጋር እናቷ እማማ ሩቂያ አብረውን ይኖራሉ። እማማ ሩቂያ መጠጥ ቤት መሥራቴን ሲሰሙ ኪኒኑን ከእጄ አልተቀበሉም።

«ኸምር ከሚቀዳበት ቤት የመጣ መድኃኒት ልጄ አትውጥም» አሉ።

«እማማ፣ ቅጠሉን ሁሉ ሞከርነው እኮ።»

«አላህ ያሻው ይሆናል።»

ዘሃራ ከተኛችበት እየተንቀጠቀጠች ሁለታችንንም ታየናለች። በመጨረሻ የመንደራችን ሼኽ ተጠየቁ። ሼኹ ጥቂት አሰቡና፣ «ነፍስ ለማዳን ነው፤ ትዋጠው። መድኃኒቱ ምን አጠፋ?» አሉ። እማማ ሩቂያ ከዚያ በኋላ ኪኒኑን ይቀበሉኛል፤ እኔን ግን ቀና ብለው አያዩኝም።

ዘሃራ ሻል አላት። ወደ ማሽላው መውጣት፣ ውሃ መቅዳት ጀመረች። አንድ ቀን ጣቶቼን ይዛ የደረቀውን ቆዳ እየነካካች ጠየቀችኝ።

«ምንድን ነው እሱ የሚያስተምርህ?»

«ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር ሳይቆሙ መናገር።»

«ይኼ ነው የከበደህ?» አለች። «እናቴን ውሰዳት። ቀኑን ሙሉ የምታደርገው እሱን ነው።»

እማማ ሩቂያ ከውጭ ሰምተው ኖሮ ሲያጉረመርሙ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። እኛ ቤት ሳቅ እንደነበረ ስናገር የማስታውሰው ያንን ቀን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ኃላፊው ጠራኝ። ጣርማ በር ላይ የመንገዱን ዋሻ የሚያስቆፍሩት ትልልቅ ሹሞች ለምሳ ወደ ቆላ ሊወርዱ ነው። የአገሬው ሰው ጊታር ሲጫወት ማየት ይፈልጋሉ።

«ብቻውን ይጫወታል» አለ ለቡሉክባሽ። «ከቻለ ይቆያል። ካልቻለ ኮቱን ይመልስ።»

ሹሞቹ ሳይመጡ ዝናቡ ቀደመ። ጣርማ በር ሥር ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። ሲልቪዮ የተቀበሩትን መኪኖች ሊያወጣ ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ናዳው ወጣ። ጭነት የሚባል አልወርድ አለ። የኪኒኑ ቀን ሲደርስ ኃላፊው የቀረው ለነጮች ብቻ ነው አለ። ቡሉክባሽ ለመኑት። ለራሳቸውም እንደማይሰጣቸው ነገራቸው።

ያን ሳምንት ወባው ዘሃራን እንደገና ያዛት። እንደ ቀድሞው አልነበረም። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ መናገር አቆመች። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ እኔና እናቷ በግራና በቀኟ ተቀምጠን ሳለን ሞተች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት። አፈሩ ከዝናቡ የተነሳ ጭቃ ስለነበር አካፋ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረን።

በማግሥቱ ጠዋት ቡሉክባሽ ተስፉ መጡ። በር ላይ ቆመው ኮፊያቸውን አወለቁ።

«መንገዱ ተከፍቷል» አሉኝ። «ሹሞቹ ዛሬ ይወርዳሉ። ሐዘን ላይ ነው ብዬ ለኃላፊው ነገርኩት። ሌላ ሰው የለም አለኝ።»

«ኪኒኑስ መጣ?»

«አብሮ ይወርዳል አሉ።»

ወደ ቤት ዞሬ አየሁ። እማማ ሩቂያ በልጃቸው መደብ ላይ ተኝተው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ከቀብር እንደተመለስን ነበር ወባው የያዛቸው። ምንም አልጠየቅኋቸውም። ወጥቼ ቡሉክባሽን ተከተልኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሲልቪዮ ከሹሞቹ ጋር በመኪና ወርዶ ጊታሩን ሲቃኝ ደረስን። ጭቃው ከቡትስ ጫማው ላይ አልደረቀም። በእጁ ሰላም አለኝ፤ የዘሃራን ሞት አልሰማም ነበር። ዜማውን ጀመረ። እኔ አኮርዶ ያዝኩ። ዜማውን ጨርሶ በአገጩ ጠቆመኝና አኮርዶውን ተቀበለኝ።

አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እንባዬ ይቀድመኛል፣ ወይም እጄ ይያዛል፣ ወይም እሷን የሚመስል ድምፅ ይወጣል ብዬ ነበር። ምንም አልመጣም። ጣቶቼ ሦስት ድምፅ ያዙ። ተናገሩ፣ ዝም አሉ፤ ከበሮው መለሰ። ከማይሆነው ድምፅ ላይ ወደቁ፣ ወደ ጎረቤቱ አንሸራተቱ። አኮርዶው ሲለወጥ በቦታው አረፉ። እኔ ከጎን ቆሜ የሌላ ሰው እጅ የማይ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የተጫወትኩትን ያህል ንጹሕ ሶሎ ከዚያ በኋላ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልተጫወትኩም። ዘሃራ ግን በውስጡ አልነበረችም።

ሹሞቹ አጨበጨቡ። ኃላፊው ወይን ላከልኝ፤ አልነካሁትም። ሲልቪዮ ትከሻዬን ይዞ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ቡሉክባሽ መራራ ነገር እንደሚውጥ ሰው ሆነው አስተረጎሙት።

«ዛሬ የራሱን ነገረኝ፣ ዛሬ ተማረ ይላል።»

ከዚያ እኔን ሳያስፈቅዱ ለሲልቪዮ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ነገሩት። የሲልቪዮ እጅ ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ከኪሱ የራሱን የኪኒን ቆርቆሮ አወጣና በኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ቆርቆሮውን ይዤ ቤት ገባሁ። እማማ ሩቂያ ውሃውን ከእጄ ሲቀበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዛሬ ተጫወትክ?»

«አዎ።»

«ምን ተጫወትክ?»

«ሥራዬን።»

ኪኒኑን ዋጡ። ዳኑም። እስኪሞቱ ድረስ ከእኔ ጋር ኖሩ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም።

ሲልቪዮን ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሲዞር ወሰዱት። ይኑር ይሙት አልሰማሁም። ቡሉክባሽ ተስፉ እንግሊዞች ሲገቡ ከተማረኩት ጋር ሄዱ። እኔ ከነፃነት በኋላ ሮቢ መኖር አልቻልኩም። ለጣሊያን የተጫወተ እጅ ሰርጋችን ላይ አይጫወትም አሉኝ፤ አልፈረድኩባቸውም። እማማ ሩቂያን ይዤ ደሴ ወጣሁ። በዚያ በመጠጥ ቤቶች ዘፋኝ ሳጅብ አረጀሁ። ሶሎ ሲሰጡኝ እወጣለሁ፣ ስጨርስ ወደ አኮርዶዬ እመለሳለሁ።

ወጣት ጊታር መቺዎች እኔ ጋ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ያዘነ ሰው ሶሎው ያምራል፣ መጫወትም ሐዘንን ያወጣል ሲባል ሰምተዋል። እኔ ይህን አላየሁም። ሶሎ የሚማሩት በልምምድ ነው፤ የተማሩትን ያህል ይጫወቱታል። ሐዘኑ ተጫውተው ሲጨርሱም በቦታው አለ።