የአክስቱ ጠረጴዛ

ሥራ ቦታ «ጥረገው» ይሉታል፤ ሲያንሰው ነው። የሚሠራው ሶፍትዌር ላይ አንዲት ትርፍ ሳጥን ካየ ምሳ አይወርድለትም።

ያሳደገችው አክስቱ ናት። የእሷ ጠረጴዛ ደግሞ አይጣል ነው! ቁልፍ፣ መቀስ፣ መድኃኒት፣ ደብዳቤ፣ መነጽር፣ ሁሉም እላዩ ላይ ተዘርግፎ ይውላል። ልጅ ሳለ ይጨንቀውና ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር። እሷም ቤቱን ስታተራምስ ውላ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ያላየሁትን ነገር መኖሩንም እረሳዋለሁ» ትለው ነበር። ይስቅባት ነበር።

አክስቱ ክሊኒክ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በሽተኛው ገና ከበሩ ብቅ ሲል «ጉልበትህ ተሻለህ?» የምትል ሴት ናት። የኮምፒውተሯ ገጽ ግን እንደ ጠረጴዛዋ ጢም ያለ ነበር። ክሊኒኩ አዲስ ሶፍትዌር ይሠራልን ሲል ሥራው ለማን ደረሰ? ለእሱ! ያቺን አንድ ገጽ ስድስት አደረጋት፤ እያንዳንዷ ላይ ሁለት ሦስት ሳጥን፣ ሌላው ነጭ። «ቀላል ማለት እንዲህ ነው» አለ። ለማን እንደሚቀል ግን አልጠየቀም።

አክስቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋባታል። ወረፋው ከበሩ አልፎ ወጣ። «እማማ፣ ቀልጠፍ ይበሉ እንጂ!» የሚሏት በዙ።

«ይለመዳል፣ አክስቴ» አላት።

በአራተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች። «አርጅቻለሁ መሰለኝ» አለችው። እሱም አመናት፤ ወይ አለማፈር!

ከሁለት ዓመት በኋላ ለጥገና ወደ ክሊኒኩ ሲሄድ፣ በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ወጣት ስድስቱንም ገጾች አትማ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ለጥፋቸዋለች። «ሁሉንም ባንዴ ካላየሁ ይምታታብኛል» አለችው። ክው አለ። አክስቱ አላረጀችም ነበር።

በሳምንቱ ስድስቱን መልሶ አንድ አደረጋቸው። የአክስቱን ሥራ መመለስ ባይችል እንኳ፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበር ሊነግራት እመጣለሁ ብሎ ደወለላት፤ ላፕቶፑን ይዞም ሄደ።

ሲገባ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ተወልውሏል።

«ዕቃሽ የት ሄደ?»

«እንዳይጨንቅህ ነዋ፤ እመጣለሁ ባልከኝ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ።»

ላፕቶፑን ከፈተላት። «አክስቴ፣ እንደ ድሮው አደረግኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

«እስቲ ልየው» ብላ መነጽሯን ፍለጋ ተነሣች። አንዱን መሳቢያ ሳበች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። «እዚሁ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት… ምን ነካኝ?»

እሱም አጠገቧ ተንበርክኮ አራተኛውን መሳቢያ መፈተሽ ጀመረ።